ካሴት ሲጫን ወለል አይረገጥም

አማቴ ወይዘሮ ኤዴልሚራ በገዛ ቤታቸው በእግር ጣታቸው ነው የሚሄዱት። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ግን ኮምፒውተር የተከፈተበት ክፍል አጠገብ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያልፋሉ። እኔ ኖልፋ ምላሴ አያርፍም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስቄባቸዋለሁ። «እማማ፣ የማንን ዶሮ ሊሰርቁ ነው?» ስላቸው «ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ!» ይሉኛል። ምክንያቱን እያወቅሁ ነበር የምስቀው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት የበኩር ልጃቸው ቬንሴስላኦ ፕሮግራም ከተራ የዘፈን ካሴት የሚጭን ኮምፒውተር ነበረው። ያኔ እዚህ የወደብ ከተማችን ቶሜ ኮምፒውተር የገባበት ቤት ሁሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ ካሴት ሲጫን ወለል አይረገጥም። የቤታችን ወለል ሳንቃ ነው፤ ከተነቃነቀ ጭነቱ ይበላሻል ይባላል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቤተሰቡ ባለበት ይደርቅ ነበር። ቬንሴስላኦ ስምንት ወር ለፍቶ የራሱን ጨዋታ ሠራ። ለቤተሰቡ ሊያሳይ ካሴቱን እየጫነ ሳለ፣ እናቱ ሕጉን ረስተው፣ ዳቦ ይዘው ሳንቃውን እየረገጡ ከጓዳ ብቅ አሉ። ወዲያው ጭነቱ ተበላሸ።

«የስምንት ወር ልፋቴን ገደል ከተትሽው!» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ፤ የአጎቱን ጀልባ ይዞ ብቻውን ባሕር ገባ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እናቱ ኮምፒውተሩን ለሰው ሰጡ፣ ካሴቱን ግን ከቁምሳጥናቸው ውስጥ ከልብስ ሥር ሸሸጉት።

ባሌ ኤላዲዮ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮምፒውተር መገጣጠም! አዲስ የተሠሩ፣ መልካቸው ግን የድሮ፣ የዚያን ዘመን ባለ ስምንት ቢት ፕሮግራም አንዲት ነገር ሳያጎድሉ የሚያስኬዱ። መላጣ ሽማግሌዎች ከኮንሴፕሲዮን ድረስ መጥተው የልጅነት ጨዋታቸውን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይጠራርጋሉ። እኔም ሻይ አቅርቤ አሾፍባቸዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ እማማ ካሴቱን ይዘው መጡ።

«ኤላዲዮ፣ ሳልሞት ልየው። ልጄ ምን ሠርቶ እንደነበር ልየው።»

«እማዬ፣ አርጅቷል እኮ። አንዴ ከተበጠሰ አለቀ።»

«እኔስ አላረጀሁም? ክተተው!»

እሑድ ከምሳ በኋላ ኤላዲዮ የካሴት ማጫወቻውን ማንበቢያ ጭንቅላት በአልኮል ጠረገና ካሴቱን ከተተ። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወለሉን እንዳይነኩ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቀሉ። እኔም አፍንጫዬ እየበላኝ አላከክሁም። በድሮው ጊዜ እንደ ስክሪን የሚያገለግለውን የቴሌቪዥን ድምፅ ዘግተው ነበር የሚጭኑት፤ ይኼ አዲሱ ግን የራሱ ድምፅ ማጉያ አለው፤ የካሴቱ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊ ባሕር፣ ከሥሩም «ቬንሴስላኦ ሠራው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ አለ።»

ድንገት ጩኸቱ ተቋረጠና የአኮርዲዮን ሙዚቃ መጣ። ከአኮርዲዮኑ በላይ የልጅ ድምፅ፤ «ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ሬዲዮ ኤላዲዮ ነው! አሁን ደግሞ ለእናቴ ሙዚቃ...»

ስክሪኑ ላይ «ስሕተት» የሚል ቃል ወጣ። ማንም አልተነቃነቀም ነበር። ባሌን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ባዶ መስሎኝ ነው» አለ። «ወንድሜ የጠፋ ቀን ጠዋት ከጠረጴዛው አንስቼ ድምፄን ቀዳሁበት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ረስቼው ነበር፣ እማዬ። እምልልሻለሁ፣ ረስቼው ነበር።»

እኔ ሞኟ እፎይ የሚሉ መስሎኝ «እማማ፣ እርስዎ አይደሉም! ካሴቱ ቀድሞም ተበላሽቶ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ለካስ ባሌን እያረድኩት ነው።

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ዝጊ!» አሉኝ። እንዲያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ከዚያ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስማኝ። የረገጥኩት እኔ ነኝ።»

«ሰማሽው እኮ፣ እማዬ...»

«ምንም አልሰማሁም! ወንድምህን ያስቆጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ሸክሙን ለምጄዋለሁ ልጄ፣ የቀረኝም ጥቂት ጊዜ ነው። አንተ ገና ብዙ ትኖራለህ።»