የአምስተኛው ሰፈር አልጋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ሲታይ ምን ይሆናል? ስለ ሙዘይን ይህን የጠየቀ ሰው መልሱን በእጁ ሊዳስሰው ይችል ነበር፤ ሱዳኖች አንገረብ የሚሉት ጠፍር አልጋ። ሱዳን ውስጥ ከወድ ኤል ሒለው በስተደቡብ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም በማትርቀው በኡም ሲድራ፣ ሕፃን የተወለደበትንም ሽማግሌ የሞተበትንም አልጋ የወጠረው እሱ ነው። ይህ ብዙ ይሁን ጥቂት እኔ እስከዛሬ አልወሰንኩም።

ሙዘይን የጎንደር እስላም ነው። በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር ወርዶ እዚያው ቀረ። ኡም ሲድራ ያኔ አራት ሰፈር ነበረች፤ ሐውሳ፣ በኒ ዓምር፣ መሳሊትና የሐበሻ እስላም። ማዘጋጃ ቤት የሚባል ግንብ አልነበራትም። ሸንጎዋ የሚቀመጠው በትልቁ የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ እዚያም እያንዳንዱ ሼኽ በየሰፈሩ አልጋ ላይ ይሰየማል። አልጋ የሌለው ሕዝብ መሬት ቁጭ ብሎ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም። ሰፈር ለመባል ከራሱ ከብት ቆዳ የተወጠረ አልጋ አምጥቶ ጥላው ሥር ማኖር አለበት፤ የቀሩት ሼኾችም ሁሉ ከአጠገቡ በየአልጋቸው መቀመጥ አለባቸው። አንዱ ቆሞ ከቀረ አልሆነም። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ከብዙ የተጻፈ ሕግ ግን የተሻለ ተከብሯል።

በሰባ ሰባቱ ረሀብ ከወልቃይት በኩል የመጡ ክርስቲያኖች ከመንደሩ ኩሬ ዳር ሰፈሩ። የምትናገርላቸው ፋናዬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በየትኛውም መንደር ስም ያልተጠለለ ስደተኛ በመኪና ተጭኖ ወደ ካምፕ እንደሚወሰድ ተነግሯል። ካምፑ ውስጥ ተቅማጥ ገብቶ ነበር፤ ፋናዬ እዚያ የገባች እህቷን ቀብራ ነው የመጣችው። ስለዚህ ሌላ ነገር አልለመነችም፤ መቅረት ብቻ። የመሳሊቱ ሼኽ አልጋ አምጡ አሏት።

የነበራቸው አንድ በሬ ነው። እየነዳች ሙዘይን ደጅ አደረሰችው።

«አያ ሙዘይን፣ ይህ በሬ ተከዜን አሻግሮናል። አሁን ደግሞ መቀመጫ ይሁነን።»

ሙዘይን የበሬውን ጎድን በመዳፉ ዳበሰና «ከቆዳ በቀር ምንም የለው፤ ሥራዬን አቅልለሽልኛል» አላት።

በሬውን ከወንዶቻቸው አንዱ በሥላሴ ስም ባርኮ አረደ። ሥጋውን በሉ፤ ቆዳውን ሙዘይን በርጥቡ ተልትሎ ወጠረው። በዚያ ዓመት ሜዳው የሞተ ከብት ሞልቶት ስለነበር የጥንብ ቆዳ እንዳይነካ ተጠንቅቋል፤ ከራሳቸው ከብት እንዲሆንም ተጠንቅቋል። ያልታሰበው የቢላዋው ነገር ነው። ሱዳኖቹ በክርስቲያን የታረደ ሥጋ አያስጨንቃቸውም፤ እሱም በእነሱ መካከል ብዙ ኖሮ የመንደሩን ደንብ ሲጠብቅ የአገሩን ሰው ደንብ ረሳው።

አልጋው ጥላው ሥር የቀረበ ዕለት የሐውሳው ሼኽ ተቀምጠው ነጠር ነጠር አሉበትና ከእኔው ይሻላል፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የበኒ ዓምሩም የመሳሊቱም በየአልጋቸው ተቀመጡ። የሐበሻ እስላሞች ሼኽ አብዱልሰላም ግን እንደቆሙ ቀሩ።

«ሙዘይን፣ ቢላዋውን ማን ያዘ?»

«እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ እኔን ከዚህ አጠገብ ተቀመጥ ትለኛለህ?»

«ሼኽ፣ የሚቀመጡበት እነሱ ናቸው። አንቱ የሚበሉት አልቀረበም።»

ሰው ሳቀ። ሳይስቅ ቢቀር ምናልባት ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጡ ነበር፤ ከሳቁ በኋላ የማይሆን ሆነ። የሐውሳው ሼኽ ግራ ተጋብተው የአገራችሁ ሰዎች አይደሉም ወይ ሲሉ ጠየቁ።

«ናቸው» አሉ አብዱልሰላም። «አገራችን ላይ አብረን የኖርነው በየማዕዳችን ስለተከባበርን ነው።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ስደተኞቹ ከኩሬው ዳር ሲወድቁ መጀመሪያ ማሽላ የላኩላቸው እሳቸው ናቸው። በዚያው ዕለት ማታም የራሳቸውን ወይፈን ለፋናዬ ሰጡ፤ የእሷ ከሆነ በኋላ እስላም አርዶት ቆዳው እንዲወጠርበት። መንገዱ ለሁሉም የሚበጅ ነበር። ሙዘይን አሮጌውን ጠፍር ፈትቶ አዲሱን ወጠረ። ርጥብ ጠፍር ላይ ሰው ከተቀመጠበት ይረግባል፤ ሳይደርቅ ሸንጎ አይቀርብም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተለመነው ዝናብ ያን ሰሞን መጣ። ሙዘይን አልጋውን ከቤት ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ቤት ሲያመላልስ ሰነበተ፤ ቆዳው አልደርቅ አለ።

መኪናዎቹ የመጡት በዚህ መካከል ነው። አብሮ የመጣው የመንግሥት ሹም እነዚህ ሰዎች የእናንተ ናቸው ወይ ሲል ሼኾቹን ጠየቀ። እርስ በርስ ተያዩ። ናቸው ለማለት አልጋው መቅረብ ነበረበት፤ አይደሉም ለማለት አፋቸው አልታዘዘም። ሹሙ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረው። ፋናዬ ስትጫን አላለቀሰችም።

«አያ ሙዘይን» አለች፣ «አንተ ብቻ አድርቀው።»

ክረምቱ ሳይወጣ ካምፑ ውስጥ ሞተች። ወሬውን ከሾዋክ ገበያ የተመለሱ ሰዎች አመጡት።

ከዓመታት በኋላ ከኩሬው ዳር ሌሎች ሰዎች ሰፈሩ፤ አልጋቸውንም በደንቡ አቀረቡ። ሸንጎው ለሰፈሩ ስም ሲፈልግ፣ ማንም ያልጠየቀው ሙዘይን ከመሬት ተነሥቶ ሒለት ፋናዬ፣ የፋናዬ ሰፈር፣ ተብሎ ይጠራ ሲል ለመነ። ፊት ለፊት የተቃወመው የለም። አንዱ ሴትዮዋ እኮ አልተቀመጠችም አለ፤ ሌላው አዲሶቹ አያውቋትም አለ፤ አብዱልሰላም መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። ሰፈሩ ሒላ ጀዲዳ፣ አዲስ ሰፈር ተባለ። ሙዘይን በሚቀጥለው ሸንጎም ተነሥቶ ያንኑ ለመነ፤ ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ አልተወውም፤ ማንም አልሰጠውም።