የሩሲያዊቷ መምህሬ መርዶ

የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ቆቦ ስመለስ ሰዉ ሁሉ «ምን ይሠራል?» ነበር የሚለኝ። አብረውኝ ሩሲያ የሄዱት ትራክተር መጠገን ተምረው መጡ፤ እኔ ልቦለድ ታቅፌ መጣሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አርጅቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ አሁን በታላቅ እህቴ ግቢ አንዲት ክፍል ይዤ አጫጭር ታሪኮች እተረጉማለሁ። ሥራው ቀልድ አይደለም። በዚህ ሙቀት ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በረዶ ስለሸፈነው መንደር መጻፍ አለብኝ። በረዶ ሲባል የቆቦ ገበሬ የሚታየው የሚወድመው ማሽላው ነው።

የከበደኝን ሁሉ ሩሲያ ላሉት መምህሬ እየደወልኩ እጠይቅ ነበር። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው እንኳ ከእኔ በላይ ያስታውሱ ነበር።

አንድ ቀን ልጃቸው በስልኬ መልእክት ላከ። ሞተዋል፤ ቀብራቸውም አልፏል። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩና ምሳዬን በላሁ። እንባ አልመጣም። በማግስቱ ልሠራ ስቀመጥ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልወጣ አለኝ። ቀናት እንዲሁ አለፉ። የትርጉም መጽሐፌ ተጀምሮ ሊቀር ነው፣ የዕድሜ ልክ ልፋቴ ውሃ ሊበላው ነው ብዬ ፈራሁ።

እህቴ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ተቆጣች።

«ሰው እንዴት መርዶ ብቻውን ከስልክ ያነባል? ማን አረዳህ?»

«እታለም፣ ሰማሁ እኮ። አለቀ።»

«እናታችን የሞተች ጊዜ በሰው አገር ከጎንህ የተቀመጡት ማን ናቸው? እሳቸው አይደሉም? በል ዝም በል!»

ነገሩ በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሰፈሩ ግቢውን ሞልቶታል፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ለብሰው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ከአጎራባቿ ሮቢት የመጡ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው ብዬ ሳቄ መጣ። እኔው ያወራሁትን ለእኔው ሊነግሩኝ!

የእድራችን ዳኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። እንደ ደንቡ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት፤ ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን አሉ። የመምህሬን ስም ከእህቴ አጥንተው መጥተው ኖሮ፣ ሊጠሩት ታግለው አቃታቸውና ተውት።

«ልጄ፣ በሰው አገር ያሉት እናትህ አርፈዋል። አብሽር» አሉኝ።

ያኔ ጮኼ አለቀስኩ። ሴቶቹም አይተዋቸው ለማያውቁት ሰው አብረውኝ አለቀሱ። ክርስቲያን ጎረቤታችን «ነፍሳቸውን ይማር» ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቀችኝ።

«ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። እስክጨርስ አጠገቤ ተቀምጠው ጽሑፌን ይሰድቡብኝ ነበር» አልኩ።

ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። ሰዉም «እስቲ ቀጥል» አለኝ። ፀሐይዋ ጠንክራ ምንጣፉን ወደ ጥላ እስክንስብ ድረስ ስለ እሳቸው አወራሁ፤ አንድም ቃል አላጣሁም።