የእትዬ የሺ ባዶ አንገት

ባለፈው የገበያ ቀን ቆቦ ላይ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ማጭድና ሞረድ፣ የበር ማጠፊያና ሰንሰለት ጆንያ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ፊት እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ሁሉ ብረት መካከል በክር የተሰካኩ ወረንጦዎች ፀሐይ እያጋለቻቸው ተጋድመው ነበር። አንዱን አንስቼ ጠቅ ጠቅ ሳደርገው የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የግራ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውዬው «እሾህ ወግቶዎት ነው እማማ?» አለኝ። ወረንጦውን መልሼ አስቀመጥኩለትና ሽንኩርቴንም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያደግኩት ሮቢት ነው፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከነሐሴ በኋላ ማሽላው ከጣሪያችን በላይ እየቆመ ቤታችንን በሚውጥበት፣ አውቶቡስ ሲያልፍ ድምፁ እንጂ መልኩ በማይታይበት ሰፈር። ሙቀቱን የቆላ ሰው ስለሆንን ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ዝንቡ ግን አይጣል ነው! የኛ አገር ዝንብ ሰው አያከብርም፤ የአባቱ ርስት ይመስል ሕፃን ዓይን ላይ ይሰፍርና ቢያባርሩትም አይሄድ። ጠዋት ስንነሳ ዓይናችን በዓይናር ተጣብቆ፣ ግድግዳውን እየዳበስን ወደ በር የምንወጣ ልጆች ብዙ ነበርን፤ እርስ በርስ ተጋጭተን ስንወድቅም ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ሳቁ ግን ዕድሜው አጭር ነው። አያቴ በዚሁ ሰበብ ታውራ ነው የሞተችው፤ የእናቴም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይፍቃት ነበር፤ እኔንም ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ያው ጣጣ በግራ ዓይኔ ጀመረኝ።

ከእኛ የቁልቋል አጥር ማዶ እትዬ የሺ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ነበረች፤ ከጎብዬ መጥታ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር። በአንገቷ ካለው ጥቁር ክር ላይ ወረንጦ ይንጠለጠላል። ጎህ ሲቀድ ውሃ ታፈላለች፣ ጨው ጣል ታደርግበታለች፣ ከዚያ በሯ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች፤ እኛም የሰፈሩ ልጆች ከነዝንባችን ተራ እንይዛለን። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ ለብ ባለው ውሃ ያን የደረቀ ነገር ቀስ አድርጋ ታላቅቀውና ሽፋሽፍቴን አንድ በአንድ ትለቅመዋለች፤ ቀሚሷ ሳሙናና ሎሚ ይሸታል፤ ትንፋሿን የምትይዘው እኔ እንዳያመኝ ይመስለኝ ነበር። ስትጨርስ የነቀለችውን ፀጉር እጄ ጀርባ ላይ ታኖርና «ይኸው ጠላትሽ! እዪው፣ ይችን ታህል ናት» ትለኛለች፤ ላላለቀሰ ልጅ አንድ አንጓ ጥንቅሽ አለ፣ ላለቀሰም አለ፤ እንዲያውም እኔ ላለቀሰ የሚሰጠው የሚረዝም እየመሰለኝ ሳያመኝ ያለቀስኩበት ቀን ነበር። እሾህ የወጋው እረኛ፣ ከዋጃ ገበያ ሲመለስ ዓይኑ ውስጥ አቧራ የገባበት ነጋዴ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በዚያች በርጩማ ፊት ያልተንበረከከ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰልቹ አይደል ልጅ፣ ለምን እንደማይታክታት ጠየቅኳት። «ጌታዬ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ እኔ የናንተን ዓይን ባጥብ ምን ይገርማል?» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ስለ ሃይማኖት ከአፏ የወጣ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ወደኔ ኑ አላለች፣ የናንተ ልክ አይደለም አላለች፤ ታጥባለች፣ ትነቅላለች፣ አለቀ።

በአገራችን ሴት ወረንጦዋን የምታንጠለጥለው በማተቧ ነው። ስለዚህ የእትዬ የሺን ጥቁር ክር ያየ ሁሉ ማተብ አሰረች ብሎ አልፏል፤ ማን ይጠረጥራል? አንድ ጠዋት እኔ ላይ እንዳጎነበሰች ክሩ ተበጠሰና መሬት ወደቀ። «ማተቡ ወደቀ!» ብዬ ጮህኩ፣ ማተብ መሬት ሲነካ ያስደነግጣላ! እሷ ግን ሳትደነግጥ አነሳችውና «ማተብ አይደለም ልጄ፣ የወረንጦዬ ክር ነው። እኔ ማተብ አላስርም» አለችኝ። አንገቷን አየሁት፤ ባዶ ነበር።

አዬ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በዚያው ሰሞን የእናቴ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ደረሰ። ማኅበርተኛው ጠላውን ይዞ እትዬ የሺን ሲያወድስ፣ እኔ ትንሿ ከሁሉም የበለጠ የማውቃት መሆኔን ላሳይ ብዬ «እሷ እኮ ማተብ የላትም! ያ ክር የወረንጦዋ ነው፣ ራሷ ነግራኛለች» አልኩ። ማኅበርተኛው ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። የተመሰገንኩ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

አባቴ የሰፈሩ የእድር ዳኛ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን ደግሞ የምለው ልምረው ብዬ አይደለም፤ ለደንብ የተፈጠረ፣ ደንብ ከተነካ ሰማዩ የሚወድቅበት ሰው ነበር። እትዬ የሺን አስጠርቶ በሰው ፊት ጠየቃት። መዋሸት ትችል ነበር፤ አንዲት ክር አስራ ብትመጣ ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር። «ጴንጤ ነኝ» አለች። በዚያው ቀን ከእድሩ ተሰረዘች፤ እሳት እንዳይጫርላት፣ ውሃ እንዳይቀዳላት፣ በሯም እንዳይረገጥ ተወሰነ።

እኛም ልጆቹ መሄድ ተውን። እሷ ግን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት በቁልቋሉ አጥር ቀዳዳ የተፈላ የጨው ውሃ በጠርሙስ ታስቀምጣለች፤ እናቴ አባቴ ሳይነሳ ወጥታ ታመጣና ዓይኔን ታጥበኛለች፣ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ቦታው ትመልሳለች። በሁለቱ ሴቶች መካከል አንዲት ቃል አልነበረም። ሽፋሽፍቱን ግን የሚነቅልልኝ አጣሁ፣ እናቴ ራሷ አጥርታ አታይማ፤ ዛሬ ግራ ዓይኔ ላይ የምታዩት ነጭ ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አይታኝ «ልጄ፣ ዓይንሽ ቀልቷል፣ ነይ ልየው» ብትለኝ፣ እንደተመከርኩት ፊቴን አዙሬ ሮጥኩ።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያፈራ ወባ ገባ። አንድ ጠዋት እናቴ ጠርሙሱን ባዶውን አገኘችው። በማግስቱም ባዶ፤ በሦስተኛውም ቀን ባዶ። እናቴ ገብቷታል። እኔም ገብቶኛል። ቀና ብለን ማዶ አላየንም፤ ሰው ያየናል ብለን ፈራን። በአራተኛው ቀን ከእሷ ቤት ወዲያ ያለው የእስላም ጎረቤታችን የጋሽ ሰይድ ሚስት በሩን ገፍታ ብትገባ ሞታ አገኘቻት።

ጡሩምባ አልተነፋም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቦታ የላትም ተባለ፤ ድንኳንም፣ ቃሬዛም የለም። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ እግር ላይ ወደቀች። «ኧረ ስለ ማርያም! የልጅዎን ዓይን ያሻረች ናት እኮ፣ እርስዎ ካዘዙ ማንም አይከለክል» አለችው። አባቴ «ደንቡን ዛሬ ለእሷ ካፈረስኩ ነገ በምን እዳኛለሁ?» አለ። የቆላ ፀሐይ ደግሞ ሬሳ አያሳድርም፤ ቀትር ሲሆን ሽታው ይነሳል።

ጋሽ ሰይድ መጥቶ የእድሩን አካፋና ዶማ ጠየቀ፤ አባቴ የእድር ዕቃ ነው ብሎ ከለከለው። «ወላሂ፣ ጎረቤቴ ፀሐይ ላይ አትውልም» አለና ሄደ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ከሁለት ልጆቹ ጋር ሆኖ ያልደረሰ ማሽላውን አጭዶ ቦታ አበጀላት፤ በራሳቸው ዶማ ቆፈሩ፤ አልጋዋን ቃሬዛ አድርገው፣ የሚስቱን ነጠላ አልብሰው አወጧት። አፈሩን ከመመለሳቸው በፊት ጋሽ ሰይድ ቆሞ ትንሽ አሰበና «ያንቺን ጸሎት አናውቀውም የሺ፣ አላህ ያውቀዋል» አለ። እዚያ የቆመ አንድም ክርስቲያን አልነበረም። እሷ ዓይናቸውን ያጠበቻቸው ልጆች ሁላችንም በየአጥራችን ቀዳዳ ነበርን።

አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋለት፣ ሕዝቡም ግቢውን ሞላ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን በእንባዬ ውስጥ እንኳ እየወቀስኩት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ወቅሼዋለሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እያልኩ ለልጆቼ ስንቴ እንዳወራሁ!

ባለፈው ዓመት እዚህ ቆቦ፣ እኔ ባለሁበት እድር፣ አንዲት ወጣት ልመዝገብ ብላ አመለከተች። ከእኔ ሦስት በር አልፋ የተከራየች፣ ጴንጤ ናት፤ ወገቤን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሳልጠይቃት ሳምንት ሙሉ ከቦኖ ውሃ እየቀዳች ማድጋዬን የሞላችልኝ እሷ ናት። ጦርነቱ ባለፈብን ጊዜ ስንቱን ያለ ጡሩምባ በየሜዳው ቀብረናል፤ ያ ሁሉ ያስተማረን መስሎኝ ነበር። ዳኛው «በዚህ ላይ ቃል ያለው?» አለ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የልጄ ሠርግ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ድንኳኑ የእድሩ፣ ድስቱ የእድሩ፣ ወጥ የሚሠራልኝም፣ የሚያጅብልኝም ሰው የእድሩ። ቀሚሴን አስተካክዬ መሬት መሬት አየሁ። ሳትመዘገብ ቀረች።

አባቴ እንኳ ያደረገውን ልክ መስሎት ነው ያደረገው። እኔ ግን እያወቅኩ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የቀረኝ ነገር ያ ወቀሳ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ በሬ ላይ ስታልፍ፣ እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ እማማ?» አለችኝ። ማን ማን ዝም እንዳለ አልነገሯትም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።