በመፈክር የታጨደ ገብስ

ጤና ረዳቱ ጌታቸው ማሳው ዳር ቆሞ «ዛሬ ዘፈን የለም!» ሲል ማጭዱ ሁሉ ባለበት ቀረ።

ወዳጆቼ፣ ይሄ በደርግ ጊዜ ነው፤ መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ብዙም በማይርቅ መንደር አስተምር በነበረበት ዘመን። የተከራየሁት እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። ባላቸውን ቀብረዋል፤ አንድ ልጃቸውን ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ወስዶባቸዋል። የቀራቸው ያ ገብስ ብቻ ነው። ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሯል... በረዶ ከወረደ የደረሰ ገብስ አንድ ፍሬ አይተርፍም። ስለዚህ ደቦ ጠሩ፤ ያለቻቸውን ጌሾ አሟጠው ጠላ ጠመቁ። እኔም ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ማጭድ ይዤ ወጣሁ።

ያን ሰሞን ግን ክፉ ሳል ገብቷል። ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ውቂያ ላይ የዋሉ ሰዎች ተያይዘው ወድቀው፣ ሁለቱ ሳይነሡ ቀርተዋል። ጌታቸው ያንን አይቶ ነው በማለዳ በእግሩ የመጣብን። ልጁ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

«በትንፋሽ ነው የሚጋባው። ተራርቃችሁ ቁሙ። አፍና አፍንጫችሁን በነጠላችሁ ጫፍ እሰሩ። ጠላ በአንድ ዋንጫ መቀባበል የለም። ዘፈንም የለም!»

ሌላውን ሁሉ እሺ አሉት። ዘፈኑን ግን... ያለ ዘፈን ደቦ ማለት ያለ በሬ እርሻ ማለት ነው። አውጪ ካላወጣ፣ ተቀባይ ካልተቀበለ፣ ወገብ አይጎነበስም። የመንደሩ አውጪ ሀብቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ «ኧረ ልጅ ጌታቸው፣ ለቅሶ እንኳ አውጪ አለው!» አለ።

ሞከርን። ሰው ዝም፣ ማጭድም ዝም። እስኪረፍድ ድረስ ከማሳው ጠርዝ እንኳ ፈቀቅ አላልንም። እትዬ ዘነበች አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ጌታቸውን ያያሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሳሉ ሳይገድለኝ በረሃብ ልትገድለኝ ነው?» አሉት።

የጌታቸው ዓይን ቀላ።

በዚህ መሃል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ደምሰው በካኪ ካፖርታቸው ብቅ አሉ። ገና ከሩቅ ሳላቸው ቀድሟቸው ደረሰ። እህህ... እህህ... ተያየን። ግን በዚያ ዘመን ሊቀመንበርን «አሞዎታል» የሚል ማን ነው? ሊቀመንበር አይታመምም፤ ቢበዛ ሥራ ይበዛበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ የታሰረ አፋችንን እያዩ። «አጫጅ ነው ሽፍታ? የሚደብቀው የሌለው ሰው ፊቱን አይሸፍንም!»

«የጤና ጉዳይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ጌታቸው። «ዘፈንም ከልክያለሁ፤ ሳሉ እንዳይዛመት...»

ሀብቴ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ዲያቆን ዓይኑን ሰበር አድርጎ ጠየቀ።

«ይቅርታ፣ ጓድ ሊቀመንበር... መፈክርም ተከልክሏል እንዴ?»

የጌታቸው አመዱ ቡን አለ። «መፈክር ከለከለ» የተባለ ሰው የት እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን።

«መፈክር... መፈክርማ ይፈቀዳል» አለ።

ሀብቴ የፈለጋት ይቺን ነበር። የደቦውን ዜማ እንዳለ ያዘና ጀመረ።

«አረሙ ሲናር ይውደም!»

«ይውደም!»

«በረዶ ይውደም!»

«ይውደም!»

«ሁሉም ነገር ወደ ጎተራ!»

«ወደ ጎተራ!»

መፈክር ሲባል እንደ ደንቡ ግራ እጅ ይነሣል። አጫጅ ደግሞ ግራ እጁ መቼ ባዶ ይሆናል? ጭብጥ ሙሉ ገብስ ይዟል። ጨብጥ፣ እጨድ፣ አንሣ! ጨብጥ፣ እጨድ፣ አንሣ! ማሳው ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር።

ጓድ ደምሰው «ወደ ጎተራ» የሚለው ላይ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ነበር፤ ይቺን የት ነው የማውቃት እንደ ማለት፤ እናቷ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ናትና። ግን ምርት ነው፣ ምን ይበሉ? ጭራሽ ደማቸው ሞቀና «ቆይ፣ እኔ ላውጣ!» ብለው ወደ መሃላችን ገቡ። ሳላቸውም አብሯቸው።

እኔ ክው አልኩ። ጌታቸው ግን ፈጠን ብሎ ፊታቸው ተደቀነ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎማ ከኛ እኩል ሜዳ ላይ አይቆሙም! እዚያ ቋጥኝ ላይ ይውጡልን። ሕዝቡ በደንብ ይይዎት!»

ቋጥኙ ከማሳው ወዲያ ማዶ ነው። ነፋሱም ከኛ ወደ እሳቸው ይነፍሳል። ጌታቸው ወደ ሀብቴ ጠጋ ብሎ «እስኪመሽ እንዳታስወርዷቸው» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።

ወጡ። ነፋሱ ካፖርታቸውን እያርገበገበው «ይውደም!» ሲሉ ዋሉ። ሊወርዱ ባሰቡ ቁጥር ሀብቴ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ይድገሙን እንጂ!» ይላል። እትዬ ዘነበችም ጠላውን ለብቻው በአንኮላ ቀድተው ቋጥኙ ሥር ያስቀምጡና «ለትልቅ ሰው ለብቻ ነው» ብለው ይመለሳሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ገብሱ ተከምሯል። በረዶው በማግስቱ መጣ... ባዶ ማሳ ደብድቦ ሄደ።

ጓድ ደምሰውስ? ተኙ። ድምፃቸው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሊቀመንበር ድምፅ ከሌለው ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ታጭቆ አይተነፋፈስም። ጌታቸው «ሰው አታሰባስቡ» እያለ ሲለምን የከረመውን አንድ የተዘጋ ጉሮሮ ፈጸመለት። ከኛ ከአጫጆቹ አንድም ሰው አልታመመም። እትዬ ዘነበች ለሊቀመንበሩ ከዚያው ገብስ አጥሚት እየሠሩ፣ ደጃፋቸው ላይ እያስቀመጡ፣ እስኪድኑ ድረስ አጠጧቸው።

ሲድኑ ጌታቸውን አስጠርተው ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ያቺ ቋጥኝ ጥሩ ናት። ከእንግዲህ ስብሰባው ሁሉ እዚያ ይሁን። እኔ ከላይ፣ እናንተ ከታች።»

«ግሩም ሐሳብ ነው፣ ጓድ» አለ ጌታቸው፤ ፈገግም አላለ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ድንገት ከፍ ያለ ቦታ ሲሰጠው ካየሁ... መጀመሪያ የማዳምጠው ያስለው እንደሆነ ነው።