የኢልሃም ሦስት ቀናት

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐረር ውስጥ፣ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ለስደተኞች የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥ ማዕከል ተከፍቶ አረብኛ የምትችል አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ወረቀት የለኝም። አረብኛውን የተማርኩት የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ፣ ከማዳም ቁጣና ከልጆቿ ጨዋታ ነው።

ባለሙያው አቶ ሰሎሞን ይባላሉ፤ ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱን ወንበሮች ራሳቸው አስተካክለው የእኔን ከባለጉዳዩ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ሳቡት።

«እዚህ ትቀመጫለሽ። ባለጉዳዩ ያለውን እንዳለ ትናገሪያለሽ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ቀላል መሰለኝ። የዚያኑ ቀን አንድ የመናዊ ሽማግሌ ቤታቸው እንዴት እንደፈረሰ ሲናገሩ እንዳለ አቀረብኩና፣ አላስችል ቢለኝ ዘወር ብዬ በአረብኛ አጽናናኋቸው። አቶ ሰሎሞን ስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ምን አልሻቸው?»

«አይዞዎት ነው ያልኩት።»

«እኔ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«ታዲያ ዛሬ ባለሙያው ማነው፣ እኔ ነኝ አንቺ?»

ሽማግሌው ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ያን ቀን በሳቅ ያለፍኩት ጥፋት ኋላ ዋጋ አስከፈለኝ።

ኢልሃም የመጣችው ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከኤደን ጦርነት ሁለት ልጆቿን ይዛ ሸሽታ ጀጎል ግንብ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። እናቷ ታመው መንገዱን ስለማይችሉት ጎረቤት ዘንድ ቀርተዋል። ሁለት ወር ሙሉ ከደጃፏ አልወጣችም፤ ዳቦ እንኳ የሚገዙላት ልጆቹ ነበሩ።

«እናቴን ጥዬ መጥቼ በምን ዓይኔ ገበያ እወጣለሁ?» አለች። እንዳለ አቀረብኩት።

አቶ ሰሎሞን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የቤት ሥራ ይሰጧት ጀመር። መጀመሪያ እስከ ጎዳናው፣ ቀጥሎ እስከ ጀጎል በር፣ ቀጥሎ ገበያ ገብታ አንድ ነገር ገዝታ እንድትመለስ። ወራት ፈጀ፤ ግን ሄደች።

በዚያ ሰሞን ስልኳ ተሰብሮባት ለኤደን ጎረቤቷ የእኔን ቁጥር ሰጠች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጎረቤትየዋ ናት። የኢልሃም እናት ሌሊቱን አርፈዋል።

አቶ ሰሎሞን ለስብሰባ ድሬዳዋ ወርደዋል። ልደውልላቸው እችል ነበር። አልደወልኩም። ይልቅ ወደ ታላቅ እህቴ ወደ እትዬ አበበች ሮጥኩ። በሰፈራችን መርዶ ሲኖር የምትጠራው እሷ ነች።

«እንዲህ ያለ ነገር ለብቻዋ ይነገራል እንዴ? ያውም በሰው አገር!» አለችኝ። «ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰው ሰብስበን እንሄዳለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

ያዝኩ።

ሐሙስ ኢልሃም በቀጠሮዋ መጣች። አቶ ሰሎሞን እንደሌሉ ስነግራት እንኳ አልከፋትም። እየሳቀች ፌስታሏን ከፈተችልኝ፤ ቲማቲም ነው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ስሚኝማ! ከሶፊ መንደር የመጣችው ሻጭ ከመዘነችልኝ በኋላ እንደናንተ ሴቶች እጄን ዘርግቼ ‹ምርቃት!› አልኳት። ‹ይቺ ደግሞ መቼ ሐረሬ ሆነች!› ብላ ሦስት ጨመረችልኝ። እናቴ ብትሰማ አታምንም። ከኤደን ደወሉ?»

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

«እንግዲያው ሲደውሉ የምርቃቱን ራሴ ነኝ የምነግራት። አንቺ እንዳትቀድሚኝ!»

ቅዳሜ ንጋት ላይ አምስት ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጃፏ ቆምን። በሩን ከፍታ አየችን። የእኛን ወግ ባታውቅም ፊቴን ታውቀዋለች። «ኢና ሊላሂ» አለች ቀስ ብላ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ሐሙስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችም። እትዬ አበበች ልታቅፋት ስትጠጋ በእጇ ከለከለቻት።

«በእኛ ለእናት ሐዘን የሚቀመጡት ሦስት ቀን ነው። ሦስቱን ቀን ቲማቲም ስገዛ፣ ስስቅ፣ አላህ ያሽራት እያልኩ ለሞተች ሰው ዱዓ ሳደርግ አሳለፍኩት። እናቴን አንድ ጊዜ እኔ ጥያት መጣሁ። ሁለተኛውን አንቺ አስጣልሽኝ።»

በሩን ዘጋችው።

የሚቆጨኝ አለማወቄ ቢሆን በቀለለኝ። አውቀው ነበር። እኔም ኤደን ሳለሁ አባቴ ሞቶ ስምንት ወር ተደብቆብኛል። በመካከሉ ሹራብ ገዝቼ ላኩለት። «ወዶታል፣ ልክ ሆኖታል» ያለችኝ እትዬ አበበች ነበረች። ስመለስ ሹራቡ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ጠበቀኝ።

ሰኞ ለአቶ ሰሎሞን ነገርኳቸው።

«ማነው የቀነሰው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

አላባረሩኝም። ለኢልሃም ሌላ አስተርጓሚ መደቡላት፤ እሷ ግን አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄደው አንኳኩ፤ ልጇ «እናቴ ገበያም አትወጣም፣ ሰውም አታናግርም» አላቸው። ከዓመት በኋላ እነ ኢልሃም ክፍሉን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ መባሉን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እኔ ሥራውን አልተውኩም። ያገኘሁትን መጽሐፍ እያነበብኩ፣ እየጠየቅኩ፣ እስከ ምክር ረዳትነት ደረስኩ። ለእናንተ ለአዲሶቹ አስተርጓሚዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ለሌላ ሰው የተላከ ወሬ እጃችሁ ከገባ የእናንተ አይደለም። በዚያው ቀን ስጡት።

አምና የእትዬ አበበች ባል አረፈ። ልጃቸው ማርታ ሪያድ ነው የምትሠራው። ጎረቤቶች ተሰብስበው «ለልጅቱ እንዳይነገራት፣ ለዓመት በዓል ስትመጣ ይደረስበታል» ሲባባሉ እህቴ ከመካከላቸው ተነሥታ ስልኳን አወጣች።

«ማርታዬ፣ ተቀመጪ። አባትሽ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለቻት።

መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ደግማ ለማርታ ደወለች። አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ስልኩን ከፍታ በእጇ ይዛ ቆመች።