የአያ አለኸኝ ዜና ዕረፍት

ሰገን ወረታ ውስጥ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስትቀጠር ሥራዋ የሩዝና የከብት ገበያ ማንበብ ነበር። ዜና ዕረፍት ጻፊ የተባለችው አያ አለኸኝ የሞቱ ሰሞን ነው። አያ አለኸኝ ርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቀው ሰው በታንኳ የሚያሻግሩ አዛውንት ገበሬ ነበሩ።

አዘጋጁ ጋሽ ሉቃስ ጽሑፏን አይተው መለሱላት።

"ደግ፣ ሰው ወዳድ... ይኸ ለማንም ይሆናል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰውየውን አላየኋቸውም። ሂጂና ምን እንዳደረጉ ጠይቂ። አንዱ የነገረሽንም ከሌላው አረጋግጪ።"

ሰገን ለቅሶ ቤት ሄዳ ከሴቶቹ ጋር አለቀሰች። ከዚያ ልጃቸውን ባየህን ጠየቀችው። የክርስትና ስማቸውን ተሳስቶ ነግሯት ኖሮ የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን አቃኑላት።

ስትወጣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከድንኳኑ ራቅ ብላ ቆማ አየች። ጎረቤታቸው ጸሐይነሽ ናት።

"ለምን አልገቡም?" አለቻት ሰገን።

"በምን ፊቴ? በወሰን ተካሰን፣ ተኳርፈን የኖርን ነን። አንድ ክረምት ግን ውኃው ቤቴ ገባ። ልጆቼን ቆጥ ላይ አውጥቼ ስጮህ ታንኳ ይዞ የደረሰ እሱ ነው። ልጆቹን አወረደ፣ እኔንም ጫነኝ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ደረቅ መሬት አውርዶን ሄደ። ውኃው ሲጎድል ችሎት ቀረብን፤ ረታኝ።"

"በዜናው ላይ ስምዎን ልጥራው?"

"ጥሪው።"

ሰገን እዚያው አንድ ዋርካ ሥር ቁጭ ብላ ጻፈችና ወደ ባየህ ተመለሰች። ነገሩ እውነት መሆኑን አመነ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ።

"ልጆቹን ማዳኑን ጻፊ። ክርክሩን ተይው። አባቴ በክስ እንዲነሣ አልሻም።"

ሰገን ጨነቃት። ክርክሩ ከጽሑፉ ከተሰረዘ የሰውየው ዝምታ ምን ትርጉም ሊኖረው ነው? ይኼኔ ባለቤታቸው እማማ አምሳል ከተቀመጡበት፣ "አንብቢልኝ" አሉ።

አነበበችላቸው። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ፈገግ አሉ።

"እኔንም ሲቆጣኝ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ደግሞ እንስራዬን ተሸክሞ ውኃ ቀድቶ ይመጣል። ይኸን ከውስጡ ከሰረዝሽውማ የማን ባል ሊሆን ነው? እንዳለ ይነበብ።"

ባየህም እሺ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ዜናው ተነበበ። በሠልስቱ ዕለት ጸሐይነሽ ደረቷን እየደቃች ድንኳኑ ገባች። እማማ አምሳል ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

ከዚያ ወዲህ የዜና ዕረፍቱ ሥራ የሰገን ሆነ። ስለ አንድ ሟች ስትጠይቅ፣ "ከማን ጋር ይጣሉ ነበር?" ማለትም ለመደች። ብዙው ሰው ትንሽ ቅር ቢለውም ይመልስላታል። አንበሳሜ አካባቢ ግን አንድ የሟች ወንድም ከድንኳን አስወጥቷታል። እሷም ደጅ ቆማ ሌላ ዘመድ እስኪወጣ ጠበቀች።