ልጆችን ከልጄ የጠበቀው ሕግ

የአሥር ዓመት ልጄ "ለሕፃናት የምታሰጋ አዋቂ ናት" ተብላ ከንባብ ትምህርቷ የተባረረችው በኮሮና ሁለተኛ ዓመት፣ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ነው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰዎች "ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው" ይሉኛል። ያለፈው ለእነሱ ነው።

ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም። እኛ የሆሳዕና ሰዎች ነን። ባሌ ከሁላችን ቀድሞ ወጣና ከከተማው ራቅ ባለው ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ የሚያድረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። እኔ ልጄን ይዤ ከዓመታት በኋላ ተከተልኩት። መሀል ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ቀን ቀን ጀፕ በሚሉት የሐበሻ ገበያ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጥ ነበር።

ባሌ እንደደረሰ የጥገኝነት ማመልከቻ ሲሞላ አገር ቤት የቀረነውን አስመዘገበ። "ልጅ አለህ?" አሉት። "አንዲት ሴት አለችኝ።" "መቼ ተወለደች?" "ሁለት ሺህ ሦስት።" አልዋሸም። ልጄ የተወለደችው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2003 ነው፤ በፈረንጅ 2011 መሆኑ ነው። አስተርጓሚው የገዛ አገራችን ሰው ነበር፣ ግን የሰማውን ቁጥር እንዳለ አስተላለፈው፤ ጸሐፊዋም እንዳለ መታችው። ባሌ ትቷት ሲወጣ በጉልበቷ ትድህ የነበረች ሕፃን፣ ወረቀት ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ቁጭ አለች።

ይህ የእኛ ቤት ስሕተት ብቻ አይደለም። ጆሃንስበርግ ውስጥ ወረቀቱ ያላስረጀው ሐበሻ ብትፈልጉ በመከራ ነው የምታገኙት። የትውልድ ዘመናችንን አፋችን እንደለመደው ተናግረን ሰባት ስምንት ዓመት ተጭኖብናል። ቸርች ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ ይቀልዱበታል። አንዱ "እኔን ከታላቅ ወንድሜ አስበልጦኛል፣ አሁን እሱ ነው ተነሥቶ የሚያስቀምጠኝ" ሲል እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ለትልቅ ሰው ቀልድ ነው፤ ትልቅ ሰው ስምንት ዓመት ቢጨመርበት ማንም በር አይዘጋበትም።

ልጄ መጥታ ከአባቷ ማመልከቻ ላይ የራሷ የጥገኝነት ወረቀት ሲወጣላት ፎቶው የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ከጎኑ ያለው ቁጥር የአሥራ አምስት ዓመት ኮረዳ ነበር። ይስተካከል ስንል "በሚቀጥለው ቀጠሮ" ተባልን። የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ግን ሰው ነበረች። ወረቀቱን አየች፣ ልጄን አየች፣ "እስኪ ፈገግ በይ" አለቻት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር። ሴትዮዋ ሳቀችና አንደኛ ክፍል ጻፈቻት።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ሎክዳውን ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቶ በፈረቃ ሆነ። ልጄ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ብትሆንም እንግሊዝኛ ማንበብ ላይ ወደኋላ ቀርታለች። መምህሯ ስልኬ ላይ አንድ የሕፃናት የንባብ ድረ ገጽ ከፈተችልን። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ድረ ገጹ እየሰማ ያርመዋል፣ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሻግረዋል፤ መምህሯም ከወዲያ ሆና ታያለች። "ማማ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አራተኛው ደረጃ ካልገባች ሦስተኛ ክፍልን ትደግማለች" ብላ በግልጽ ነገረችኝ።

ልጄ ዓይን አፋር ናት። ክፍል ውስጥ ቃል ስትሳሳት ልጆቹ ይስቁባታል፤ ከዚያ በኋላ አፏን አትከፍትም። ስልኩ ላይ ግን ሌላ ልጅ ሆነች። ከሥራ ስመጣ አልጋው ላይ እግሯን አጣምራ እየጮኸች ስታነብ ድምፅዋ የፎቁን ደረጃ ስወጣ ጀምሮ ይሰማኛል። "እማ፣ እዚህ ማንም አይስቅም" አለችኝ አንድ ቀን። እኔ እንግሊዝኛዬ የገበያ ነው፤ ከዋጋና ከቀለም አያልፍም። ላስተምራት አልችልም። ስለዚህ ለስጋ የማላወጣውን ለዳታ አወጣሁ፣ አልቆጨኝም።

ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሳ ሦስተኛው ላይ እያለች አንድ ቀን ድረ ገጹ አልከፍትም አለ። "የሕፃናትን ደኅንነት ለመጠበቅ በወጣው ሕግ መሠረት የልጁን ዕድሜና የወላጁን ፈቃድ ማረጋገጥ አለብን" ይላል። የየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም። ልጄ አንብባ ነገረችኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ልጅ ይጠበቅ የሚል ሕግ የምትጠላ እናት የለችም። የእኔንም የእሷንም ወረቀት ፎቶ አንሥተን ላክን። መልሱ ሲመጣ ልጄ ደጋግማ አነበበችው።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶሻል ይላል። አዋቂ ሰው ሕፃናት ያሉበት መግባት ስለማይችል ዘግተነዋል ይላል።"

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ በስልክ በምስል ማነጋገር ይቻላል ስላሉ ደወልን። ልጅ እግር የሆነ ሸበላ ብቅ አለ፣ ትሕትናው ይገድላል። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትተረጉማለች።

"ልጄን አሁን እያየሃት ነው ወይ በይው" አልኳት። "ይቺ አሥራ ስምንት ትመስላለች ወይ? ዓይን የለህም ወይ በይው!"

ልጄ ዓይን የለህም የሚለውን አልተረጎመችውም። አውቄባታለሁ፣ የተረጎመችው እኔ ካልኩት አጥሮ ነበር።

"አያለሁ አለ" አለችኝ። "ልጅ እንደሆንሽ ይታየኛል አለ። ግን በማየው መወሰን አልችልም፣ ሕጉ ሰነድ ነው የሚለው አለ።"

"ሰነዱ ተሳስቷል በይው። የእኛ አገር ዘመን ሌላ ነው በይው።"

"እረዳለሁ አለ። የተስተካከለ ሰነድ ላኩ አለ።"

ሰነድ የሚያስተካክለው ቢሮ በኮሮና ምክንያት ዝግ ነው፤ ይህንንም ነገርነው። "እረዳለሁ" አለ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። በቁጣ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ልጄ እጄን ያዝ አደረገችኝና ከራሷ አንድ ነገር ጠየቀችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ "ሶሪ" አለ፤ ይህንን እኔም ሰማሁት። ስልኩ ሲዘጋ ምን ብለሽው ነው አልኳት። "የጀመርኳትን ተረት እንኳ ልጨርስ ወይ አልኩት" አለችኝ።

አስቡት። አንዲት ሕፃን ሕፃን እንዳልሆነች የሚነግራትን ሰው ቃል ራሷ ተርጉማ ለእናቷ ትነግራለች። ይህን ያደረገው ሕፃናትን የሚጠብቅ ሕግ ነው። እኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረምሳ የብልግናውን ድረ ገጽ ሲከፍት "አሥራ ስምንት ሞልቶሃል?" ይለዋል፣ "አዎ" ብሎ ይጫናል፣ ይገባል። የቁማሩም እንደዚያው። ከእነሱ ጋር ማን ይታገላል? ገንዘብ አላቸው። የአይጥና የድመት ተረት የሚያስነብበው ምስኪን ድረ ገጽ ነው እንጂ ተንቀጥቅጦ መታወቂያ የሚለቅመው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው።

ንዴቴ ሲብስብኝ አስተርጓሚውን ፈልጌ ሄድኩ። ዛሬ ጀፕ ላይ ጫማ በጅምላ ይሸጣል፣ ሽበታም ነው፣ ቸርችም እንተዋወቃለን። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ ሁለት ሺህ ሦስት ሲልዎት ለምን በፈረንጅ አልቀየሩትም?" አልኩት።

"እህቴ፣ ባልሽ ሁለት ሺህ ሦስት አለ፣ እኔም ሁለት ሺህ ሦስት አልኩ" አለኝ። "ቋንቋ ልተረጉም እንጂ ዘመን ልቆጥር ተቀጠርኩ?"

"ሰውዬው የትናንት ስደተኛ ነው፣ እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።"

"የእኔስ ወረቀት ስምንት ዓመት አልጨመረብኝም? አማረርኩ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጠጋ አለና "ቁጥሯን የምታሳምርልሽ ልጅ አለች፣ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው፣ ላገናኝሽ?" አለኝ። የተሳሳተው እሱ፣ ወንጀሉን የምሠራው እኔ! አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ሐሰተኛ ወረቀት ቢያገኝብን ልጃችሁን ይዛችሁ ከአገር ውጡ እንደሚሉን እያወቀ። ብዙ ተናገርኩት፣ ሻይ ጠጪዎቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩን ድረስ። ሳቁን ግን አላቆመም።

ባሌ እሑድ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። "ተይ፣ ነገር አታብዢ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝ። "ዝንቡስ ገብቶ ጨርሷል" አልኩት። እሱም መከፋቱ ገብቶኛል፤ ቁጥሩን የተናገረው እሱ ነውና ያን ቀን ልጁን ቀና ብሎ አላያትም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ እዚሁ የወለደቻት፣ የልደት ሰርተፊኬት ያላት፣ የልጄ እኩያ ልጅ አለቻት። "በልጄ ስም ክፈቺላት፣ ምን ቸገረኝ" አለች። ከፈትኩ። በእውነተኛው ወረቀት ያባረረን ድረ ገጽ በውሸቱ ወዲያው እንኳን ደህና መጣሽ አለን። እዚያ ላይ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ስሙንና ዕድሜውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ልጄ መጀመሪያ ቀን የጎረቤታችንን ልጅ ስም ስትል አፏ ተሳሰረ። ድረ ገጹ በዚያ ስም "ጎበዝ!" ሲላት ወደ በሩ ዞራ አየች፣ ልጅቱ የገባች መስሏት። ኋላ ላይ ግን መዞሯን ተወች። ከመዞሯ ይልቅ መተዋ አናደደኝ፤ ለምዳዋለች ማለት ነዋ።

ዓመቱ ሲያልቅ አራተኛው ደረጃ ደረሰች። ደረሰች፣ ግን በሰው ስም! መምህሯ የምታየው መዝገብ በልጄ ስም ከክረምቱ ወዲህ ባዶ ነው፤ የወረቀቱ ጣጣ ከትምህርት ቤት እንዳያስወጣት ፈርቼ አልነገርኳትም ነበር። ትደግማለች የሚል ወረቀት ላከችልኝ። ያንን ወረቀት ይዤ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ወላጅ ወደ ክፍል አይገባም ስለተባለ መምህሯ ራሷ ወደ ግቢው ወጣች፤ ማስካችንን አድርገን፣ ተራርቀን ቆምን። ልጄ እየተረጎመች ያለ የሌለውን ነገርኳት፤ የቀን አቆጣጠራችንንም፣ የጎረቤቴን ልጅ ስምም አልደበቅኩም። ልጄ የሰው ስም የሚለውን ጫማዋን እያየች ተረጎመችው። መምህሯ ሰምታን ስታበቃ ወደ ክፍሏ ገብታ መጽሐፍ ይዛ መጣች።

"እኔ በጆሮዬ እሰማታለሁ፣ ራሴ እፈርምላታለሁ" አለች። ስልኳንም አውጥታ ለማስረጃ ልትቀዳ አዘጋጀችው። "በይ፣ እንደምታውቂው መጀመሪያ ስምሽንና ዕድሜሽን፣ ከዚያ ማንበብ።"

ልጄ መጽሐፉን ያዘች። ወደ እኔ ዞረች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

"እማ፣ የትኛውን ልበል?" አለችኝ።

"የራስሽን!" ብዬ ጮህኩ፤ በግቢው የነበረ ሁሉ ዞረ። "የራስሽን ስም! አሥር ዓመትሽ ነው! አሥር!"

ልጄ የጮህኩት በእሷ ላይ መስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ። በማን ላይ እንደጮህኩ ባውቅ ደስ ባለኝ። ከዚያ ስሟን ተናገረች፣ አሥር አለች፣ አነበበች። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ሳትሳሳት። መምህሯ ፈረመችላት፣ አራተኛ ክፍል ገባች።

ቸርች "እግዚአብሔር ይመስገን በይ እንጂ፣ አለፈችልሽ አይደል" ይሉኛል። አመስግኛለሁ። እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ፣ መምህሯንም አመስግኛለሁ። ሕጉን ግን ይቅር አላልኩትም፣ ይቅር በይ የሚለኝም ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ልጄ አሁን ከእኔ በላይ ትናገራለች፣ ከባሌ ደንበኞች ጋር በዙሉ ትቀልዳለች። ነገር ግን ዛሬም ሰው "ዕድሜሽ ስንት ነው?" ሲላት፣ ከመመለሷ በፊት መጀመሪያ እኔን ታያለች።